ስለ አሮጌ የፈረንሳይ ብስክሌቶች የመሃል ፔርኖና የፔዳል ክንድ አለዋወጥ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፤

በውጭ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎቻችሁ ምክር በሚሰጠው ዓምዳችሁ ላይ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በርካሽ ስለሚገዙ ብስክሌቶች በቅርቡ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬንና ስለ ካቴና የተጻፈው ደኅና ነው፤ የምጨምርበትም ሆነ የምቀንስለት የለኝም። ይሁንና ጸሐፊው «የመሃሉ ፔርኖ ከተንገጫገጨ ከነክዳኑ አውጥታችሁ በየሱቁ የሚገኘውን አዲሱን እሽግ ፔርኖ ግዙና አስገቡበት» ሲሉ የሰጡት ምክር ለጃፓንና ለእንግሊዝ ብስክሌት የሚሠራ ቢሆንም፣ በአሮጌ የፈረንሳይ ብስክሌት ላይ ሲሞከር የብስክሌቱን አካል ለዘለቄታው የሚያበላሽ ነው። ስለዚህ አንባቢዎች ገንዘባቸውንም ብስክሌታቸውንም ከማጣታቸው በፊት ይህችን ማረሚያ እንድታወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የምኖረው በፈረንሳይ በሴንት ኤትየን ከተማ ሲሆን፣ የከተማው ሰዎች ብስክሌታቸውን ራሳቸው እየፈቱ በሚጠግኑበት አንድ የማኅበር ወርክሾፕ ውስጥ እሠራለሁ። ይህች ከተማ የፈረንሳይ ብስክሌት ሥራ መዲና ነበረች። የጎቲዬ ወንድማማቾች በፈረንሳይ የመጀመሪያ የሚባለውን ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1886 የሠሩት እዚህ ነው፤ የመርሲዬ ብስክሌት፣ የሊዮታር ፔዳልና የስትሮንግላይት የፔዳል ክንድም የወጡት ከዚህ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የፈረንሳይ መንግሥት ብስክሌቱን ለሚያስጠግን ሰው 50 ዩሮ ድጎማ መስጠት ሲጀምር፣ ለዓመታት በየምድር ቤቱ አቧራ የለበሱ ፔጆዎች፣ ጂታኖችና ሞቶቤካኖች ወደ ብርሃን ወጡ። የአገራችን ሰዎችም ከየሰንበት ገበያው እየገዙ ይመጣሉ። ጉዳዩ የፈረንሳይ ነዋሪዎች ብቻም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካውያን ብስክሌት በገፍ በገዙበት ወቅት እጅግ ብዙ ፔጆ ወደዚያ ስለተጫነ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችንም ይህንኑ ብስክሌት በየጋራዥ ሽያጩ ያገኙታል። ፔጆን በድሬዳዋ ታክሲዎች ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ይገርመው ይሆናል እንጂ፣ ፋብሪካው ብስክሌት መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ ከመኪናው ቀድሞ ማለት ነው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት የምጠቀምባቸውን ስሞች ላስረዳ። የመቀመጫውን ቱቦ፣ ከፊት የሚወርደውን ቱቦና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከታች የሚያገናኘውን አጭርና ወፍራም ቱቦ «የፔርኖ ቤት» እለዋለሁ። በውስጡ የሚዞረው ዘንግ ፔርኖው ነው። ከግራና ከቀኝ እንደ ብሎን እየተጠመዘዙ የሚገቡትና የብረት ብዮቹ የሚሽከረከሩባቸው ሁለቱ ቁራጮች ክዳኖቹ ናቸው። በፔርኖው ጫፎች ላይ ተሰክተው ፔዳሉን የሚይዙት ደግሞ ክንዶቹ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ከብስክሌቱ አካል ጋር ተበይዶ የሚኖረው የፔርኖው ቤት ብቻ ነው። ክዳን ይለወጣል፣ ፔርኖ ይለወጣል፣ ክንድም ይለወጣል፤ የቤቱ ጥርስ፣ ማለትም ክዳኖቹ የሚጠመዘዙበት የውስጥ የብሎን መስመር፣ አንዴ ከተበላ ግን ብስክሌቱን ማዳን የባለሙያ ሥራ ይሆናል፤ ለዚያውም ወጪው ብስክሌቱ ከተገዛበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ጸሐፊው የሳቱት ይህን ቅደም ተከተል ይመስለኛል። የሚለካውና የሚጠበቀው ቤቱ ነው፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ ለእርሱ ተስማሚ ሆኖ ይፈለግለታል።

አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ተራ እሽግ ፔርኖ፣ ዘንጉና ብዮቹ በአንድ ላይ ታሽገው የሚሸጡበት ማለት ነው፣ የሚሠራው በእንግሊዝ ልክ ነው። የዚህ ልክ ዲያሜትር 1.370 ኢንች ማለትም 34.8 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው። የቀኙ ክዳን፣ በካቴናው በኩል ያለው ማለት ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የፈረንሳዩ ልክ ግን 35 ሚሊሜትር ነው፤ ጥርስ ከጥርስ ያለው ርቀት ልክ አንድ ሚሊሜትር ነው፤ ሁለቱም ክዳኖች የሚጠብቁት ወደ ቀኝ ሲዞሩ ነው። የሁለቱም ቤት ስፋት 68 ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን ለሚያይ ሰው ልዩነት የላቸውም። ሰውን የሚያታልለውም የቁጥሮቹ መቀራረብ ነው። በዲያሜትር የሚለያዩት በሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ነው፤ በጥርስ ርቀት ደግሞ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፤ የእንግሊዙ 1.058፣ የፈረንሳዩ 1.00። ይህች ትንሽ ልዩነት ግን በየዙሩ እየተጠራቀመች፣ በአሥር ዙር ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ትሆናለች። በዚህ ምክንያት የእንግሊዙ የግራ ክዳን በፈረንሳይ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር በጣት ይገባና ይቆማል። ሰውየው «ዝገት ይሆናል» ብሎ ረጅም መፍቻ ያመጣል። ከዚያ በኋላ የሚዞረው ክዳን በገዛ ጥርሱ መንገድ ሳይሆን የቤቱን ጥርስ እየቆረጠ የሚሄድ ክዳን ነው። በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ይብሳል፤ የሁለቱ ጥርሶች ዝንባሌ ተቃራኒ ስለሆነ በጉልበት ካልሆነ ከመጀመሪያውም አይገባም።

አንድ የአገሬ ልጅ ከዚህ ርቆ ከሚገኝ ሱቅ ያሠራትን ሰማያዊ ጂታን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ፔዳሉ ሲረገጥ ይንቀጠቀጣል፤ ሱቁ አዲስ ፔርኖ እንደተገጠመለት የሚገልጽ ደረሰኝ ሰጥቶታል። የግራውን ክዳን ስፈታው፣ ከግሪሱ ጋር የተለወሰ የብረት ፍቅፋቂ እንደ ቀጭን ሽቦ እየተጠቀለለ ወጣ። ባትሪ አብርቼ ወደ ቤቱ ውስጥ ስመለከት፣ ከአፉ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ድረስ በነበረው ጥርስ ላይ ሌላ ጥርስ ተቆርጦበት፣ ሁለቱ እየተሻገሩ ብረቱን አሸዋ አስመስለውታል። ሱቁ በክፋት ያደረገው አይደለም፤ ወጣቶቹ መካኒኮች ሥራ የጀመሩት የእንግሊዙ ልክ ብቻ በሚታወቅበት ዘመን በመሆኑ፣ ሌላ ልክ ይኖራል ብለው አያስቡም። የጋዜጣችሁ ምክር የሚያሳስበኝም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያንኑ ስሕተት አንባቢው በገዛ እጁ እንዲሠራ ያበረታታዋል።

ታዲያ ብስክሌቱ የየትኛው ልክ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ክዳኑ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ካለ እርሱ ከሁሉ ይቀድማል፤ «35 በ1» የሚል ካለበት በሚሊሜትር የተሠራ ነው። ጽሑፍ ከሌለ የግራውን ክዳን አውጥቶ በካሊፐርና በጥርስ መለኪያ መለካት ነው፤ ጥርስ መለኪያ ዋጋው ትንሽ ሲሆን ከብዙ ጣጣ ያድናል። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ስዊሶች የፈረንሳዮችን ዲያሜትርና የጥርስ ርቀት እንዳለ ወስደው፣ የቀኙን ክዳን ብቻ እንደ እንግሊዝ ወደ ግራ ሲዞር እንዲጠብቅ አድርገዋል። ሞቶቤካን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ውስጥ ወደዚህ የስዊስ ልክ ዞሯል፤ ፔጆም ወደ እንግሊዙ ልክ ጠቅልሎ ከመግባቱ በፊት በስዊሱ በኩል ያለፈበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የግራውን ክዳን ለክቶ 35 ሚሊሜትር ያገኘ ሰው ሁለቱን ማለትም ፈረንሳዩንና ስዊሱን ገና አልለየም። የቀኙን ክዳን ወደ የትኛው ወገን እንደሚፈታ ሳያውቅ በሙሉ ኃይሉ የሚታገል ሰው፣ ግማሹን ጊዜ ሊፈታው የፈለገውን እያጠበቀ ነው የሚውለው። የግራው ክዳንና ፔርኖው ከወጡ በኋላ ቤቱን በባትሪ ከውስጥ ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ የቀኙ ክዳን ሳይሸፍነው የቀረ አንድ ሁለት ዙር ጥርስ ይታያል። ያንን ከግራው ወገን ጥርስ ጋር አስተያይቶ ዝንባሌውን መለየት ይቻላል።

ፈረንሳዮቹ የቀኙን ክዳን ወደ ቀኝ እንዲጠብቅ ማድረጋቸው በእኔ ግምት የዚህ ልክ ዋና ጉድለት ነው፤ ብስክሌታቸውን ብወድም ይህን አልደብቅም። ፔዳል ወደ ፊት ሲረገጥ በፔርኖውና በክዳኑ መካከል የሚንከባለሉት ብዮች ክዳኑን ፔርኖው ከሚዞርበት በተቃራኒ ቀስ እያሉ ይገፉታል፤ በቀኝ በኩል ይህ ግፊት ወደ መፍታት ያመራል። እንግሊዞቹና ስዊሶቹ የቀኙን ጥርስ የገለበጡት ይህንኑ ለመከላከል ነው። በፈረንሳዩ ቤት ውስጥ ግን ክዳኑን የሚይዘው የጠበቀበት ኃይል ብቻ ስለሆነ፣ የገጣሚው እጅ የሰነፈ እንደሆነ ከጥቂት ቀናት መንዳት በኋላ ይላላል። የላላ ክዳን ደግሞ ጥርሱን እየበላ ይሄዳል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በጋዜጣችሁ ከተሰጠው ምክር ጋር በቀጥታ ይቃረናል። ከሃምሳ ዓመት በፊት በፋብሪካ በከባድ መፍቻ ጠብቆ የተቀመጠ፣ እስከ ዛሬም ያልተነቃነቀ የቀኝ ክዳን ካላችሁ ያለ በቂ ምክንያት አትንኩት። የግራውን ክዳን፣ ፔርኖውንና ብዮቹን አውጡ፤ የቀኙን ክዳን ባለበት በጨርቅና በነጭ ጋዝ አጽዱት፤ ከዚያ ባትሪ አብርታችሁ ብዮቹ የሚሮጡበትን መንገድ ተመልከቱ። የእስክሪብቶ ጫፍ በመንገዱ ላይ ዙሪያውን ጎትቱበት፤ ጫፉ ሳይሰናከል ከዞረ ክዳኑ ጤነኛ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ እየገባ የሚቆረቁር ከሆነ ብቻ መውጣት አለበት። ብዙ ጊዜ አልቆ የሚገኘው ፔርኖው ነው፤ ብዮቹ የሚነኩበት ቦታ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተቦረቦረ ነገር ይታያል። ፔርኖው በተመሳሳይ ልክ ሲለወጥ፣ ብዮቹም ሁልጊዜ በአዲስ ሲተኩ፣ ሥራው ያልቃል። ብይ ርካሽ ነው፤ አሮጌውን መልሶ መግጠም ቁጠባ አይባልም። በየወገኑ 11፣ በድምሩ 22 ብይ ይገባል፤ መጠናቸውም ሩብ ኢንች ማለትም 6.35 ሚሊሜትር ነው። ሁሉን በሜትር የለኩት ፈረንሳዮች ብይንና ካቴናን በኢንች መተዋቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ለኛ ግን በጀን፤ እነዚህ ሁለቱ በየትኛውም ሱቅ ይገኛሉ።

ክዳኑ የግድ መውጣት ካለበት ደግሞ ስለ አወጣጡ አንድ ነገር ልናገር። በክዳኑ ላይ ያሉት ሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች ቀጫጭኖች ናቸው፤ ተራ መፍቻ ሲያመልጣቸው ጎኖቹም ይበላሉ፣ የመፍቻውን እጀታ የያዘው ሰው ጣትም ይላጣል። የእንግሊዝ ብስክሌት በሚያውቁ ዘንድ የተለመደ አንድ ዘዴ አለ፤ ወፍራም ብሎን በክዳኑ ቀዳዳ አሳልፎ ከውስጥ በዳዶና በሮንዴላ ቀርቅሮ የብሎኑን ራስ ማዞር ነው። በእንግሊዙ ክዳን ላይ ብሎኑ የሚጠብቅበት አቅጣጫና ክዳኑ የሚፈታበት አቅጣጫ አንድ ስለሆኑ ኃይል በተጨመረ ቁጥር ብሎኑ ይብስ ይይዛል። በፈረንሳዩ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ክዳኑን ለመፍታት ወደ ግራ ሲዞር አስቀድሞ የሚላላው ብሎኑ ራሱ ነው። ስለዚህ ዳዶው በሁለተኛ ዳዶ ካልተቆለፈ በቀር ዘዴው አይሠራም። እኛ የምናደርገው ሌላ ነው። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከውስጥ አፍስሰን አሳድረን፣ ጎማዎቹን ካወጣን በኋላ ብስክሌቱን በቀኝ ጎኑ አጋድመን የክዳኑን ሁለት ጎኖች በጠረጴዛ ሞርሳ አጥብቀን እንነክሳለን። ከዚያ አካሉን እንዳለ ይዘን፣ ከላይ ሲታይ ወደ ግራ እናዞረዋለን። የብስክሌቱ ርዝመት ራሱ መፍቻ ስለሚሆን፣ መዶሻ ያልበገረው ክዳን በዚህ መንገድ በአንድ ሰው ጉልበት ይላቀቃል። ስዊስ ከሆነ የሚዞረው ወደ ቀኝ መሆኑን ብቻ ልብ ማለት ነው።

አሁን ወደ ክንዶቹ ልለፍ። በተራዎቹ የፈረንሳይ ብስክሌቶች፣ ለምሳሌ ወደ አሜሪካ በብዛት በተላከው ፔጆ ዩ ኦ 8 ላይ፣ ክንዶቹ የብረት ሲሆኑ ከፔርኖው ጋር የሚያያዙት በሽብልቅ ነው። ሽብልቁን ለማውጣት ዳዶውን እስከ ጫፉ ድረስ ማላላት፣ ክንዱን ከሥሩ ወለል በሚነካ የብረት ቱቦ መደገፍና አንድ ጊዜ በከባድ መዶሻ በሙሉ ልብ መምታት ነው። ደጋፊ ከሌለው ምቱን የሚቀበሉት ብዮቹና ክዳኖቹ ናቸው፤ በፍርሃት ደጋግሞ መቆርቆርም የሽብልቁን ጫፍ እንደ እንጉዳይ ከማስፋት በቀር ፋይዳ የለውም። አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የእንግሊዙ ሽብልቅ 9.5 ሚሊሜትር ሲሆን የብዙዎቹ የፈረንሳይ ብስክሌቶች 9 ነው። ሁለቱ ሽብልቆች ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይገባሉ፤ ሁለቱንም ከአንድ ወገን ያስገባ ሰው ክንዶቹ አንድ መስመር ላይ ስለማይሆኑ፣ ሲነዳ እንደሚያነክስ ያህል ይሰማዋል። ከተገጠመ በኋላም ጥቂት ተነድቶ ዳዶው እንደገና መጥበቅ አለበት። ሽብልቅ ያረጀ ነገር ነው ብለው የሚንቁት አሉ፤ በበኩሌ በደንብ የተገጠመ ሽብልቅ ለዓመታት ሲያገለግል ስላየሁ፣ ክንዶቹ ካልተጣመሙ በቀር ለማስለወጥ የሚመጣን ሰው እንዲተወው እመክራለሁ።

የተሻሉት ብስክሌቶች የአሉሚኒየም ክንድ አላቸው፤ ይህ ክንድ በፔርኖው አራት ማዕዘን ጫፍ ላይ ተጭኖ በብሎን የሚጠበቅ ነው። ስትሮንግላይት ይህን ዓይነት ያለ ሽብልቅ የሚገጠም ክንድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አውጥቶ ነበርና ነገሩ ብዙዎች እንደሚመስላቸው አዲስ አይደለም። አደጋው ያለው ማውጫው ላይ ነው፤ ማውጫ የምለው በክንዱ ጥርስ ውስጥ ተጠምዝዞ ክንዱን ከፔርኖው የሚነቅለውን መሣሪያ ነው። ዛሬ የሚሸጠው የክንድ ማውጫ 22 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የአሮጌው ስትሮንግላይት ጥርስ 23.35፣ ቴአ የተባለው ሌላው የፈረንሳይ ክንድ ሠሪ ደግሞ 23 ሚሊሜትር ነው። በ22ቱ ማውጫ ስትሮንግላይትን ለማውጣት የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የያዘለት ይመስለዋል፤ ትንሽ ሲጠብቅ ግን ለስላሳው አሉሚኒየም ተፍቆ ማውጫው ይመለጣል፤ ክንዱም ከፔርኖው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የብሎናቸው ራስ እንኳ አንድ አይደለም፤ የስትሮንግላይቱ በ16፣ የቴአው በ15 ቁጥር መፍቻ ነው የሚፈታው። ትክክለኛው ማውጫ ከሌላችሁ ብስክሌቱን ማውጫው ላለው ሰው ማድረስ ይሻላል። እኛም ጋ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ በመሳቢያ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው።

ሌላ ክንድ የሚገዛ ሰው ስለ ፔዳሉም ያስብ። የድሮ የፈረንሳይ ፔዳል 14 ሚሊሜትር ሆኖ የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው፤ የዛሬው ግን በአብዛኛው 9/16 ኢንች ማለትም 14.3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አዲስ ፔዳል በአሮጌ ክንድ ላይ አይገባም፤ አሮጌው ፔዳል ደግሞ በአዲሱ ክንድ ላይ ይወዛወዛል። የድሮውን ክንድ በ9/16 ጥርስ ማውጫ ማስፋት ይቻላል፤ የሚነሣው ብረት ትንሽ ነው፤ ለግራውና ለቀኙ ግን የየራሳቸው ጥርስ ማውጫ ያስፈልጋል። ይህ እኔም ያለ ቅሬታ የምሠራው ለውጥ ነው። በአሮጌዎቹ ፔዳሎች ላይ «ዴ» (D) እና «ዤ» (G) የተባሉት የላቲን ፊደላት ተቀርጸው ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው የቀኝ፣ ሁለተኛው የግራ ነው።

የአዲስ ክንድ አራት ማዕዘን ቀዳዳም ከአሮጌ ፔርኖ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። የጃፓኑ ልክና የአውሮፓው ልክ በማዘንበላቸው አንድ ሲሆኑ በጫፋቸው ውፍረት ይለያያሉ፤ ለአውሮፓው የተሠራ ክንድ በጃፓን ፔርኖ ላይ ሲጫን ከአራት ሚሊሜትር በላይ ወደ ውጭ ቀርቶ ይቆማል፤ ካቴናውም ከኋላው ጊር ጋር ያለው መስመር ይዛነፋል። በዚህ ምክንያት ክንድና ፔርኖ አብረው ቢመረጡ ይሻላል፤ መጀመሪያ ክንዱን፣ ቀጥሎ ለክንዱ የሚሆነውን የፔርኖ ርዝመት።

ሁሉም ነገር አልቆ ሙሉ ፔርኖ መለወጥ ግድ ለሆነበት ሰው መንገድ አልጠፋም። በአሜሪካ ፊል ዉድ የተባለው ኩባንያ ለዋናው እሽግ ፔርኖው በፈረንሳይ ልክ የተቆረጡ ቀለበቶችን ይሠራል፤ በሜሪላንድ ያለው ቬሎ ኦሬንጅ የተባለ ድርጅትም ለእነዚህ ብስክሌቶች የሚሆን ፔርኖ ሲያቀርብ ቆይቷል። ዋጋው ከተራው እሽግ ፔርኖ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ጸሐፊው ስለ ርካሽነት የተናገሩት እዚህ ላይ አይሠራም። የቤቱ ጥርስ አስቀድሞ ለተበላበት ሰው ደግሞ ጥርስ የማይፈልግ ዓይነት አለ፤ ሁለቱ ግማሾቹ በቤቱ ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተጠመዘዙ ከግራና ከቀኝ ቤቱን ቆንጥጠው ይይዙታል። ያንን የጂታን ባለቤት የገላገልነው በዚህ ነው። የመጨረሻው አማራጭ ቤቱን ወደ ጣሊያን ልክ፣ ማለትም ወደ 36 ሚሊሜትር፣ አስፍቶ አዲስ ጥርስ ማውጣት ነው። ሥራው ይቻላል፤ ነገር ግን መመለሻ የለውም፤ የጣሊያኑም የቀኝ ክዳን እንደ ፈረንሳዩ ወደ ቀኝ የሚጠብቅ በመሆኑ ያው የመላላት ጠባይ አብሮት ይመጣል። ቤቱ ገና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይህን እንዲያደርግ የሚመክር ሱቅ ካጋጠማችሁ፣ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ክቡር አዘጋጅ፣ የዓምዱን ጸሐፊ ለማሳጣት የጻፍሁት እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እወዳለሁ፤ ስለ ፍሬን ገመድ የጻፉትን ቆርጬ በወርክሾፓችን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የምጠይቀው፣ ጽሑፉ በድረ ገጻችሁ ላይ እንዳለ የሚቆይ ከሆነ፣ የመሃሉን ፔርኖ በሚመለከተው አንቀጽ ሥር «ብስክሌቱ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ በፊት በፈረንሳይ የተሠራ ከሆነ፣ አዲስ ፔርኖ ከመግዛታችሁ በፊት የቤቱን ጥርስ አስለኩ» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመርበት ነው። ጸሐፊው ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ጥርስ መለኪያው እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳይ ሥዕል አዘጋጅቼ ልልክላቸው ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሴንት ኤትየን፣ ፈረንሳይ